ከሦስቱ የከፋው ኪዮራ

አዋሳ፣ መስከረም 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደረሰ ኃይለጊዮርጊስ
አሰብ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምክ? ሙቀቱስ፣ ዝንቡስ፣ ያ የናፍጣ ሽታ ያለው ምግባችሁስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዲሱ ዓመት የገባብን ከአንዱ የቀበሌ ስብሰባ ወደ ሌላው ስንሮጥ ነው። ተማሪዎቼ ዘንድሮ ስልሳ ስምንት ሆነዋል፤ ስማቸውን ጠርቼ ስጨርስ ደወል ይደወላል።

ዕቃው ደርሶ እንደሆነ፣ አባባም ከፍተውት እንደሆነ ጠይቀኸኛል። ደርሷል፤ ከፍተውታልም። ግን መጀመሪያ ሦስት ቀን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ከነካርቶኑ ተቀምጦ ነበር። ከአንተ መሆኑን ስነግራቸው “ከማን?” አሉና ጋዜጣቸውን ገለጡ። እሳቸው ለምነው ካስገቡህ የቅየሳ ክፍል ወጥተህ፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳትል መርከብ ላይ ከወጣህ አራት ዓመት ሆነ። አራቱንም ዓመት ስምህ በዚህ ቤት አልተጠራም። የዚህችን ከተማ መንገድ አንድ በአንድ የቀየሱ ሰው ናቸውና፣ ልጄ መንገድ ወደሌለበት ሄደ ብለው ነው የተቀየሙህ።

በአራተኛው ቀን ቴሌቪዥን ጠጋኙ ጎረቤታችን ገብረየስ መጥቶ ከአንቴናው ጋር አገናኘው። ስሙ ኪዮራ አንድ ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ የሚያጫውት መሣሪያ ነው አለን። ሁለት ማዞሪያ ያለው ቡናማ ሳጥን፤ ሲበራ መሐል ላይ የተቆራረጠ መስመር፣ ግራና ቀኝ ሁለት ዱላ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ። “ኳሱ የታለ?” አሉ አባባ። ገብረየስ ነጥቡን አሳያቸው። “አራት ማዕዘን ኳስ!” ብለው ተነሡ፤ ከጓዳ ያን መስመር መቅናቱን የሚለኩበትን ባለክር ቱምቢያቸውን አምጥተው ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አንጠለጠሉት። መስመሩ ታች ላይ ሁለት ጣት ያህል ዘሟል። ፊታቸውን እንዴት እንዳጨማደዱት ባየህ! ሳህኑ ላይ ትል ያገኘ ሰው እንኳ እንደዚያ አይሆንም።

“ቆሻሻ ነው” አሉ። ትንሽ ቆዩና “ይህን የሠራ ሰው መስመር አያውቅም፤ የገዛውም አያውቅም፤ በይው” አሉኝ።

በይው! እንዳይነቁ ብዬ ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ስለ ጤናቸው አልደብቅህም። ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ ጨው ከልክሏቸዋል፣ ዳገት ከልክሏቸዋል፣ መናደድም ከልክሏቸዋል፤ ሦስተኛውን ግን የሚሰማው የለም። ጨው የሌለውን ወጥ “የሳህን እጣቢ” እያሉ ነው የሚበሉት። ና ብለው እንደማይጠሩህ ታውቃለህ። አንተ ግን ፈቃድ ጠይቅ። ሳትታረቁ አንድ ነገር ቢሆኑ ዕድሜህን ሙሉ የሚበላህ ነገር ነው።

እህትህ ተዋበች

—

አሰብ፣ ኅዳር 11 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእትዬ ተዋበች

እትዬ፣ ናፍቆቴ ከልክ ያለፈ ነው። ደብዳቤሽ ሳጥን ውስጥ ወር ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ ከጂዳ የተመለስነው ትናንት ነው። መልስ ዘገየ ብለሽ አትቀየሚኝ። “በይው” የምትለዋን ቦታ ደጋግሜ አንብቤ ወረቀቱ መታጠፊያው ላይ ሊቀደድ ነው።

የምበላውን ጠይቀሽኛል፤ ባልነግርሽ ይሻል ነበር። የምንበላው ዓሣ ነው፤ ትራሳችንም፣ ፎጣችንም፣ ሻያችንም የሚሸተው ዓሣ ነው። አንሶላዬን በባሕር ውኃ አጥቤ ሲደርቅ እንደ ቆርቆሮ ይቆማል። ዝንቡ ደግሞ ከሰው ጋር ተሰልፎ ይመገባል። የመርከብ ኤሌክትሪሺያን ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ ሥራዬ ቅባት ውስጥ ተኝቼ ሽቦ መላስ ነው።

አሁን ለአባባ አንብቢላቸው።

አባባ፣ እንደምን አሉ? የኪዮራ አንድ መስመር የዘመመው በመሣሪያው አይደለም፤ በቴሌቪዥናችን ነው። ገብረየስ ከኋላ ያለችውን ብሎን ትንሽ ያዙርልዎት። ኪዮራ አንድ ቀሽም ነው፤ ቆሻሻ ግን አይደለም። ቆሻሻውን የማውቀው እኔ ነኝ። ይኸው ፋብሪካ ሦስተኛ መሣሪያ አውጥቷል፤ የመርከባችን ልጆች አዋጥተው ገዝተውት ምግብ ቤታችን ውስጥ አለ። እጀታው በሁለት ቀን ተሰበረ፤ ዘፈኑ ጥርስ ያሳምማል። ከሦስቱ የከፋው እሱ ነው። ሁለተኛው መካከለኛ ነውና በመርከብ ባልደረባዬ በአለሙ እጅ ልኬልዎታለሁ፤ አይተው ይፍረዱ።

እትዬ፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አለቃዬ ወረቀቱን ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከገና በኋላ ደግሜ እጠይቃለሁ። ከሳቸው ጋር ሳልታረቅ መቅረትን እኔም በየቀኑ እፈራዋለሁ፤ ስለዚህ ስለ ጤናቸው እውነቱን ብቻ ጻፊልኝ። አለሙን ምሳ አብዪው፤ ሰው ቤት የተሠራ ምግብ ከቀመሰ ቆይቷል።

ደረሰ

—

አዋሳ፣ ጥር 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ጥምቀትን እንዴት ዋልክ? አለሙ ለጥምቀት ደረሰ፤ ያን ሁሉ አገር በአውቶቡስ ተንገላትቶ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው የመጣው። ምሳውን ሦስት ጊዜ አስደግመን አብልተነዋል።

ስለ ቃጠሎው አለሙ ሳይነግርህ አልቀረም፤ አዎ፣ እውነት ነው። ሁለተኛው ኪዮራ በመቶ አሥር ቮልት ነው የሚሠራው፤ ይህ ደግሞ ሆዱ ላይ ተጽፏል። እኛ ቤት የሚያነብ ሰው ሞልቶ ሳለ ማንም ሳያነበው ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካነው። አንተስ ኤሌክትሪሺያን ተብለህ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር መጻፍ አቃተህ? አንዴ ጢስ አለና ቤቱ የጎማ ሬሳ ሸተተ። አራት ቀን መስኮት ከፍተን አልወጣ አለ። የቀበሌ ጥበቃው ሳይቀር መጥቶ ምን እየቀቀላችሁ ነው ብሎ ጠየቀ።

ገብረየስ አንጀቱን አውጥቶ ጠገነው፤ ትራንስፎርመርም ፈለገለት። አሁን ይሠራል፤ መሥራት ከተባለ። ጨዋታው በአንድ ከተማ መንገዶች ውስጥ መውጫ መፈለግ ነው፤ ሥዕሉ ግን ወደ ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል፤ ቀለም አለው የተባለው ጥቁርና ነጭ ነው። ሲሞቅ ጀርባው ላይ እንቁላል መጥበስ ይቻላል። የሚነኩት ቁልፎች ጎማ ናቸው፤ ሌላ ሰው አኝኮ የተፋውን ማስቲካ እንደ መጫን ነው። እኔ አንዴ ሞከርኩና ለሁለተኛ ጊዜ አልነካሁትም።

አባባ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መልሱን እኔን አስጻፉኝ። እንዳሉት ይኸውልህ፦

“ጻፊ። ስም አያስፈልግም፤ ዝም ብለሽ ጻፊ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል። የመጀመሪያው ያበላሸው አንድ መስመር ነው፤ ይኼኛው ያበላሸው ከተማ ነው። ጨዋታ ብሎ የሰጠን መንገድ ሁሉ ሄዶ ሄዶ ግድግዳ ላይ ያልቃል። መንገድ የሚከፈተው የት እንደሚያደርስ ታውቆ ነው። እኔ ከሐይቁ ዳር እስከ ታቦር ተራራ ግርጌ ስቀይስ ጋሪ የሚዞርበት፣ ውኃ የሚወርድበት፣ ሬሳ የሚያልፍበት ቦታ ለክቼ ትቻለሁ። ይህን የቀየሰው ሰው በእኔ ሥር ቢሆን በማግስቱ አባርረዋለሁ። ያን ጎማ ነክቼ እጄን በሳሙና ታጥቤአለሁ። ሦስተኛው ይከፋል የሚለው ሰው ሁለተኛውን አስተውሎ አላየውም። በችኮላ የሚፈርድ ሰው ነው፤ ድሮም እንደዚያው ነበር።”

ከዚያ ብዕሩን ካስቀመጥኩ በኋላ፣ በመስኮት እያዩ፣ “ያ ሰውዬ ምን ይመልስ ይሆን?” አሉኝ። ስምህን አሁንም አላሉም። ግን ፖስታ ቤት ስሄድ ደጃፉ ድረስ ይሸኙኛል፤ ስመለስም እጄን ነው የሚያዩት። እና እባክህ ጥሩ አድርገህ ተከራከራቸው፤ ቶሎ አትሸነፍላቸው።

ተዋበች

—

አሰብ፣ መጋቢት 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

እትዬ፣

ስለ መቶ አሥሩ ይቅርታ አድርጊልኝ። መርከባችን ላይ ሁለቱም ዓይነት መብራት ስላለ ሁሉም ቤት እንደዚያ ይመስለኛል። ሰው ባሕር ላይ ሲቆይ እንዲህ ይደድባል። ታምሜ እንደነበር አለሙ ነግሮሽ ከሆነ አፉን ዝጊልኝ፤ ወባ ነበር፣ ለቆኛል።

ይህን ለአባባ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሁለተኛው ኪዮራ አስቀያሚ ነው፤ አልክድም። ጎማውን እኔም ነክቼ ተጸይፌዋለሁ። ግን ግድግዳ ግድግዳ ነው፤ አይዋሽም፤ እዚህ ጋ ያልቃል ብሎ ይነግርዎታል። ሦስተኛው ሌባ ነው። ቀለም አለው፣ ዘፈን አለው፣ ካርቶኑ ላይ የሚያምር መኪና ተስሎበታል። ሲከፍቱት መንገድ ያሳይዎታል፤ መንገዱ ግን የትም አይደርስም። እንዲሁ ይሄዳል፣ እንዲሁ ይሄዳል፣ ያው ዛፍ ተመልሶ ይመጣል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ሰዓት ነድቶ ሲነሣ አስታወከ። በቃል አያምኑኝምና ቦምቤይ ላይ አንዱን ገዝቼ ልኬልዎታለሁ። እጀታውን ቀስ አድርገው ይያዙት። በችኮላ ይፈርዳል ላሉኝ፣ ይህን ስጽፍ ሁለት ሳምንት አስቤበታለሁ።

እትዬ፣ አሁን ላንቺ ብቻ። ቦምቤይ ላይ ያን ካርቶን ተሸክሜ ስሄድ፣ መጥፎ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም ብዬ ሳቅኩ። አለቃዬ በነሐሴ ልልቀቅህ ብሏል። በቃል ነው፤ ወረቀት አልሰጠኝም። ግን ነሐሴ ብሏል። ስሜን አንድ ቀን ጠርተው እንደሆነ ጻፊልኝ። ካልጠሩም ጻፊልኝ።

ደረሰ

—

አዋሳ፣ ግንቦት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድምዓለም ደረስ፣

ቁጭ በልና አንብብ። የቆምክ እንደሆነ ተቀመጥ።

ሦስተኛው ኪዮራ ትንሣኤ ሳምንት ገባ። እጀታው ገና በመጀመሪያው ቀን ገብረየስ እጅ ውስጥ ቀረ። ሰውዬው ሕይወቱን ሙሉ ዕቃ ሲጠግን የኖረ ነው፤ እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም። በተሰበረው ጉማጅ ነው አሁን የሚነዳው። ዘፈኑን ልነግርህ አልችልም። ትንኝ ጆሮ ውስጥ ገብታ ስትጮኽ ነው፤ እዚያችው ላይ ደግሞ ትደጋግማለች። ድምፁን ዝቅ አድርገን ጥጥ ጠቅጥቀንበታል። ቀለሙም እኛ ጋ አልመጣም፤ ሰማዩም መንገዱም የአመድ ቀለም ነው።

አባባ ግን ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ነዱ። እኔ ሐኪሙ ያለውን እያስታወስኩ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና “ይህን ሁሉ መንገድ ስነዳ አንድ ድልድይ የለም። አንድ ከተማ የለም። አንድ ሰው እንኳ መንገድ ዳር አልቆመም። የሰው አገር አይደለም” አሉ። አሸነፍክ ብዬ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፦

“ቢሆንም ሁለተኛው ይከፋል። ደረሰ ተሳስቷል።”

ደረሰ አሉ። እኔን እያዩ፣ ጥርት አድርገው።

“ደረሰ ተሳስቷል። ይምጣና እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይከራከረኝ። በደብዳቤ መከራከር የፈሪ ሥራ ነው። በይው።”

ወጥ ሊያርብኝ ነው ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም፤ ያለቀስኩት ቆሜ ነው። አራት ዓመት ከስምንት ወር የጠበቅናት ቃል በዚህ ቆሻሻ መሣሪያ ሰበብ ትምጣ? ይሁን፤ ትምጣ።

ስለ ጤናቸው እውነቱን ጻፊልኝ ብለኸኛል፤ እግራቸው አብጦ ነበር። ሐኪሙ ኪኒን ቀይሮላቸዋል። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኝተው ወጥተዋል፤ አሁን ቤት ናቸው፣ ይራገማሉ፣ ደህና ናቸው ማለት ነው። የቀረውን ስትመጣ እናወራዋለን። ግን ደረስ፣ ነሐሴ ሩቅ ነው። ማስቀደም ከቻልክ አስቀድመው። ይለፍ ወረቀቱን ከወዲሁ አስጽፍ፤ ኬላ ላይ የሚያስቀሩህ በከንቱ ነው።

ተዋበች

—

አሰብ፣ ሰኔ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

እትዬ፣

ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ተነሥቼ አነበብኩት፣ ለአለሙም ሰጥቼው ጮክ ብሎ አነበበልኝ። “ደረሰ ተሳስቷል” ሲል ሰምቼ እንደገና አንብብ አልኩት። የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ምን አገኘህ ይለኛል። አባቴ ተሳስተሃል አሉኝ ስላቸው እብድ መሰልኳቸው።

አሁን ክፉውን ልንገርሽ። ማስቀደም ይቅርና ነሐሴም አልሆነም። የሚተካኝ ኤሌክትሪሺያን ታሞ ቀረ፤ እኔን ለአንድ ተጨማሪ ጉዞ አስቀሩኝ። የፈቃድ ወረቀቴ ተፈርሟል፣ ማኅተምም አለው፣ ግን ቀኑ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው። አለቃዬ ፊት ቆሜ አባቴ ታመዋል አልኩት። የማን አባት ያልታመመ አለ አለኝ፤ ሲጋራውን እያጨሰ። ፊቱን ማየት አስጠላኝ። ከዚያ በላይ ግን እሺ ብዬ የወጣሁት እኔ ለራሴ አስጠላሁ። መርከቡን ጥዬ ብመጣስ ብዬ አሰብኩ፤ ጥሎ የመጣ ሰው ኬላ ላይ ተይዞ የት እንደሚገባ ታውቂዋለሽ። አንዴ ሳልሰናበት ከሄድኩበት ቤት በካቴና ብመለስ እሳቸውን መግደል ነው።

ለአባባ እንዲህ በዪልኝ። አባባ፣ እመጣለሁ። ክርክሬን በወረቀት ላይ ቁጥር ሰጥቼ ጽፌዋለሁ፤ አሥራ አራት ነጥብ ነው። አሥራ አራቱንም ፊት ለፊት ተቀምጬ እነግርዎታለሁ። እስከዚያ ሁለተኛውን እንዳይጥሉት፤ ማስረጃ ነው። ጨው እንዳይበሉ። እባክዎ ይጠብቁኝ።

ተናደዱብኝ ወይ? እንቅልፍ ይተኛሉ ወይ? ሁሉንም ጻፊልኝ እትዬ፤ ስንመለስ እዚህ ይጠብቀኝ።

ደረሰ

—

አዋሳ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደረሰ

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ደብዳቤዬ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ፤ የክረምት ትምህርት ነበረብኝ፣ እንግዳም በዝቶብን ነበር።

አባባ ሰላም ብለውሃል። አልተናደዱም። ሥራ ነው፣ ምን ያድርግ ብለዋል። ስለ መሣሪያዎቹ ለጠየቅኸኝ፣ ሦስቱም ጥሩ ናቸው፣ ሦስተኛው በተለይ መልካም ነው፣ ልጄ ደክሞ የላከው ነው ብለዋል። እግዚአብሔር ይባርክህ፣ መንገድህን ያቃናልህ ብለው መርቀውሃል። እንቅልፋቸው ጥሩ ነው። አሁን ምንም አያማቸውም።

ለመምጣት አትቸኩል። ሥራህን በደንብ ጨርስ። የምትመጣበትን ቀን ግን ቀደም ብለህ ጻፍልኝ፤ ከነሰዓቱ። አለሙ አብሮህ ቢመጣ ጥሩ ነው። ብቻህን አትጓዝ።

እህትህ ተዋበች

—

አሰብ፣ መስከረም 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ ተዋበች፣

ደብዳቤሽን ትናንት አገኘሁት። አንድ ጊዜ ነው ያነበብኩት።

እትዬ፣ ዲፕሎማሽን ይዘሽ የመጣሽ ቀን ትዝ ይልሻል? አባባ ወደ መስኮቱ ወስደው አገላብጠው አዩትና “ማኅተሙ ዘሟል” ነው ያሉት። የሚበሉትን እንጀራ “ዓይኑ አልተካከለም” ይላሉ። ሥላሴ በዓል ላይ ጸበሉን ቀምሰው “ቧንቧ ቧንቧ ይላል” ያሉትን ቄሱ ሰምተው አንድ ዓመት ተኳርፈዋል። እኚህ ሰው “ሦስቱም ጥሩ ናቸው” አሉ ብለሽ ጻፍሽልኝ። የዘገየውን ልጃቸውን “ምን ያድርግ” አሉ ብለሽ ጻፍሽልኝ። እጀታው የተሰበረውን፣ ትንኝ የሚጮኽበትን መሣሪያ መልካም ነው አሉ አልሽ።

አባባ የሉም። ማንም ሳይነግረኝ ከዚያች ወረቀት ላይ አወቅሁት። ምናልባት አርባቸውም አልፏል። “እንግዳ በዝቶብን ነበር” ያልሽው ለቀስተኛው ነው።

ወደ አለሙ ሄድኩ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። ደርሶታል ማለት ነው፤ አንቺ ጽፈሽለት ይሆናል። ሻይ ጠጣን። ሻዩ እንደ ወትሮው ዓሣ ይሸታል።

አልተቀየምኩሽም። በደብዳቤ ማርዳት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ግን ከትናንት ጀምሮ አላለቀስኩም። እዚህ አሥራ ሁለት ሰው በተኛበት ክፍል፣ ዘመድ በሌለበት፣ ብቻዬን ምን ብዬ ላልቅስ? ሰው የሚያለቅሰው ሰው ሲይዘው ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። ዓርብ መስከረም 30 ሻሸመኔ አድራለሁ። ቅዳሜ ጥቅምት 1 ጠዋት ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት እመጣለሁ። እንደማያውቅ ሰው እመጣለሁ። እንዳወቅሁ ለማንም አትንገሪ። የዕድሩን ሰዎች ሰብስቢልኝ፣ ጎረቤታችንን እትዬ ወርቄን፣ ገብረየስን። ጋሽ ሞገስ የዕድር ዳኛ ናቸውና እሳቸው ይንገሩኝ። እንደ ሰው ልጅ ልረዳ። አንቺ ከአጠገቤ ቁሚና ያዥኝ።

አንድ ነገር ደግሞ። ከመምጣቴ በፊት እውነተኛውን ላኪልኝ። ስለ መስከረሙ ቀጠሮ ያሉትን፣ ስለ አሥራ አራቱ ነጥብ ያሉትን። አባባ ምንም ሳይሉ አልቀሩም። ምርቃቱን አልፈልገውም፤ አንቺ የጻፍሽው ነው። ስድብም ቢሆን የሳቸውን ላኪልኝ።

ደረሰ

—

አዋሳ፣ መስከረም 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድምዓለም ደረስ፣

ያን ደብዳቤ ስጽፍ ራሴን ተጸይፌዋለሁ። በሕይወታቸው ያላሉትን መልካም ቃል ሁሉ አፋቸው ውስጥ ከተትኩላቸው፤ አንድም የሳቸው የሆነ የለበትም። ያሉት ነገር አለ። ሐምሌ 9 ቀን፣ ያንተ ደብዳቤ እንደደረሰ፣ ትራስ ተደግፈው አስጽፈውኛል። ከዚያ በኋላ የመጨረሻ ቃላቸው ሆኖ ስድብ ወዳንተ መላክ አልሆነልኝም፤ ቁምሳጥን ውስጥ ደበቅሁት። ይኸውልህ። አንዲት ቃል አልነካሁም።

“ጻፊ። ለደረሰ። ነሐሴ ያልከው መስከረም ሆነ። ቀጠሮ የማያውቅ ሰው ምን ሊፈርድ ነው? አሥራ አራት ነጥብ አለኝ ብለሃል፤ አሥራ ሦስቱ ዝባዝንኬ እንደሚሆኑ ሳላያቸው አውቃለሁ። ሦስተኛውን ስላመጣህብኝ ደግሜ ነዳሁት፤ አንገቴን አመመኝ፣ ሆዴንም ገለበጠው። አስጸያፊ ነው። ሁለተኛው ግን ይብሳል፤ ይህን እስክታምን አልለቅህም። ከሦስቱ አንዱንም አልጣልኩም። ገብረየስ ልውሰድልዎት ቢለኝ እንቢ ብያለሁ፤ ያመጣቸው ሰው መጥቶ ራሱ ይጣላቸው። ሐይቁ ውስጥ ግን እንዳይጥል፣ ዓሣው ምን በደለ! ባሕር ላይ የሰጡህን ግም ምግብ አትብላ፤ ከልጅነትህ ሆድህ ደካማ ነው። ከእኔ ጋር ለመከራከር ሰውነት ያስፈልጋል። ቶሎ ና። ይኼ ‘ና’ ትእዛዝ ነው፤ ልመና እንዳይመስለው፣ በይው።”

ሳጥኖቹ ሦስቱም ሳሎን ናቸው።

የጻፍከውን ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ ሞገስ ቅዳሜ ማለዳ ከዕድሩ ሰዎች ጋር ይመጣሉ፤ እትዬ ወርቄም ቤቱን ታሰናዳለች። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ሻሸመኔ በጊዜ ተኛ፤ ጠዋት ከመሳፈርህ በፊትም ቁርስህን ጥግብ ብለህ ብላ።

እህትህ ተዋበች